ጽሑፌን ሰው እንዴት ይለየው? እርዱኝ

ሰላም ለእናንተ። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። ለድረ ገጾችና ለቴሌግራም ሱቆች በፍሪላንስ መጻፍ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሥራው አለ፤ የሚያስታውሰኝ ግን የለም። ዋጋ ስጠራ «ቻትጂፒቲ በነፃ ይጽፍልኝ የለ?» ይሉኛል። ምን ልመልስ?

ባለፈው ስለ ጤፍ ጻፍ ተባልኩ። «ጤፍ በአይረን የበለፀገ ነው» ብዬ ጀመርኩ። ጉግል ላይ ብፈልግ ያው ዓረፍተ ነገር በየገጹ ተደርድሯል። አፈርኩ። በነጋታው ገበያ ወረድኩ። አንዲት እናት ጤፉን መዳፋቸው ላይ ዘርግተው እፍ አሉና ቆንጠር አድርገው ወደ አፋቸው ጣል አደረጉ። «አሸዋ ካለው ጥርስ ይነግርሃል፣ ልጄ» አሉኝ። መግቢያዬን በዚህ ቀየርኩት። አሠሪዬ «ወሬ አታብዛ» ብሎ ቆርጦ ጣለው!

አያቴ በቅኔ ትምህርት ቤቷ በታወቀችው ዋሸራ ቅኔ የተማሩ ናቸው። እዚያ የሌላውን ቅኔ ይዞ መምህር ፊት መቅረብ ነውር ነው፤ ራስህ አዲስ ቅኔ ትቆጥራለህ፣ ማለትም ትደርሳለህ። እኔ ግን የሰው ዓረፍተ ነገር እያገላበጥኩ እሸጣለሁ።

ሌላው ጣጣ፣ ጽሑፎቼ በስሜ አይወጡም። ናሙና አሳይ ስባል እጄ ባዶ ነው።

በዚህ ሥራ የቆያችሁ፣ እባካችሁ፦ እርሻን ብቻ ልያዝ ወይስ የመጣውን ሁሉ ልጻፍ? በራሴ ስም ገጽ ከፍቼ እንደ ገበያዋ እናት ዓይነቱን ብጽፍ ደንበኛ ዞር ብሎ ያያል? ያ መግቢያ ሲቆረጥስ ዝም ማለት ነበረብኝ ወይስ መከራከር?