የተመታ ጭንቅላትና የተቋረጠ ሰርትራሊን፦ ማዞሩ ከየትኛው ነው?

ጥያቄ፦ የቆጪዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ 29 ዓመቱ ነው። ለድባቴ ሰርትራሊን 100 ሚሊግራም ጠዋት ጠዋት ከአንድ ዓመት በላይ ወስዷል። ከ19 ቀን በፊት ከባጃጅ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ። ሲቲ ስካን ተነሥቶ ደም አልፈሰሰም፣ የአንጎል መናወጥ ነው፣ ይረፍ ተባለ። እስከ ሁለተኛው ሳምንት ማብቂያ ራስ ምታቱ እየቀለለው ነበር። ከዚያ መድኃኒቱ ከፋርማሲ ጠፋና አምስት ቀን ሳይወስድ ቀረ። ከሦስተኛው ቀን ወዲህ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ሌሊት ያቃዠዋል። ዓይኑን ወደ ጎን ባዞረ ቁጥር ጭንቅላቱ ውስጥ ኮረንቲ የነካው ያህል ውርር ይለዋል። ዛሬ ባለ 50ው ተገኝቷል። ይህ የአደጋው ነው የመድኃኒቱ? በስንት ይጀምር? «ጭንቅላቱ እስኪድን ጨርሶ ይተወው» የሚሉም አሉ። ለራስ ምታቱስ ትራማዶል ቢወስድ?

መልስ፦ የአዌቱ ነርስ

እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። መጀመሪያ አደገኛውን እንለይ። ራስ ምታቱ በየሰዓቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ሰውነቱ ተገትሮ ካንቀጠቀጠው፣ አንዱ የዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ በአንድ ወገን እጁ ወይም እግሩ ከዛለ፣ ምላሱ ከተሳሰረ፣ ወይም እንቅልፉ ከብዶ መቀስቀስ ካቃታችሁ የሰርትራሊኑን ነገር ተዉትና ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። የመጀመሪያው ሲቲ ንጹሕ ነበር ብላችሁ አትዘናጉ። ደም ከራስ ቅል ሥር ቀስ እያለ ተጠራቅሞ ከሳምንታት በኋላ የሚታይበት ጊዜ አለ።

ይህ ሁሉ ከሌለ የሚለየው ጊዜው ነው። የአንጎል መናወጥ ምልክት ከምቱ ዕለት ጀምሮ እየቀለለ ይሄዳል። ሲብስም ሰበብ አለው፦ ስልክ ላይ ማፍጠጥ፣ ጫጫታ፣ ፀሐይ፣ ድካም። የማቋረጥ ምልክት ግን የሚከተለው ክኒኑን ነው። ሰርትራሊን በደም ውስጥ በ26 ሰዓት ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ከቀረ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ይጀምራል። ወንድምሽ እየተሻለው ቆይቶ ልክ በሦስተኛው ቀን መገልበጡ፣ ውርር የሚለውም ዓይኑን ሲያዞር መሆኑ ወደ ማቋረጡ ያደላል። ኮረንቲው ያስደነግጣል እንጂ የሚጥል በሽታ አይደለም፤ ራሱን ሳያስተው ያልፋል። ድባቴው ተመለሰ ብላችሁም አትደንግጡ። እሱ ሲመለስ በሳምንታት ውስጥ እየሰረገ ነው፤ ኮረንቲ አያመጣም።

የሚያረጋግጥላችሁ መልሶ መጀመሩ ነው፤ የማቋረጥ ከሆነ ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ ይቀለዋል። አምስት ቀን ለተቋረጠበት ሰው ብዙ ሐኪሞች ለጥቂት ቀን 50 ሰጥተው ወደ 100 ይመልሱታል። ያዘዘለት ሐኪም ይወስን፤ እሱ ካልተገኘ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና ክፍል) አለ። ያለፈውን ለማካካስ ደርቦ መዋጥ ግን በፍጹም አይሆንም።

ይተወው የሚሉሽን አትስሚ። ጭንቅላቱ ገና ሳያገግም መድኃኒቱንም ካነሣችሁበት፣ ነገ ሲያዞረው ከየት እንደመጣ ሐኪሙም አያውቀውም። አንድ ደብተር ያዙ፤ ክኒኑን የዋጠበትን ሰዓት፣ ማዞሩን ከ10 ስንት እንደሚሰጠው፣ ራስ ምታቱን ከ10፣ የተኛበትን ሰዓት ብዛት ጻፉ። አራት ቁጥር ብቻ ነው፤ በሳምንት ውስጥ መልሱን ራሱ ደብተሩ ይነግራችኋል።

መድኃኒቱ ሲቋረጥም ሲጀመርም «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ ካመጣበት ብቻውን እንዳትተዉት። በዚያው ቀን ይታይ።

መልስ፦ ፋርማሲስት፣ ፈረንጅ አራዳ

ትራማዶሉን እንዳይሞክሩት። ትራማዶል ራሱ፣ እንደ ሰርትራሊን ሁሉ፣ ሴሮቶኒን የሚባለውን የአንጎል መልእክት አስተላላፊ ንጥረ ነገር ከፍ ያደርጋል። ከሰርትራሊን ጋር ሲገናኝ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት፣ ተቅማጥና መቁነጥነጥ ሊያስከትል ይችላል። ከዚያም በላይ የሚጥል በሽታን የሚቀሰቅስ ነው፤ ለተመታ ጭንቅላት ይህ ብቻውን ይበቃል። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና አስፕሪንም ይቅሩ፤ ሰርትራሊን ደም የሚያረጋውን ፕሌትሌት ስለሚያዳክም፣ ሲደራረቡ በተለይ ከጨጓራ መድማትን ያበዛሉ። የሚሻለው ፓራሲታሞል ነው፦ ባለ 500 ሁለት ፍሬ፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ ሳይበልጥ። የጉንፋን ክኒኖች ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ አብረው ይቁጠሩት። በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ከተወሰደ ግን ራሱ ማስታገሻው ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል። ስንት ሰው አደጋው አልለቀቀኝም እያለ በዚህ ይሰቃያል።

መድኃኒቱን ከመለሰ በኋላ ከሦስት ቀን ያለፈ ማቅለሽለሽና መፍዘዝ ካለ የደም ሶዲየም ያስለኩለት። የጭንቅላት ምትም ሰርትራሊንም ሶዲየም ያወርዳሉ።

ወደፊት ለማቆም ቢወሰን፣ የአደጋው ምልክት ጸድቶ፣ ከሐኪም ጋር፣ እንዲህ ነው፦ 100፣ 75፣ 50፣ 25፣ 12.5፤ በየደረጃው ከ2 እስከ 4 ሳምንት። ሰው የሚሳሳተው መጨረሻው ላይ ነው። 50 ሚሊግራም ብቻውን፣ መድኃኒቱ የሚሠራባቸውን ሴሮቶኒንን መልሰው የሚስቡትን ፕሮቲኖች ወደ 80 በመቶ ይይዛቸዋል፤ ስለዚህ ከ100 ወደ 50 መውረዱ ብዙም ሳይሰማ፣ ከ50 ወደ ዜሮ መዝለሉ ገደል ይሆናል። ባለ 50ው ክኒን መሐሉ ላይ መስመር ካለው በመስመሩ ይሰበራል። ሩቡን ለማግኘት ክኒን መቁረጫ ይጠቀሙ፤ በእጅ ሲሰበር ይፈረካከሳል። አንድ ቀን ወስዶ አንድ ቀን መዝለል መቀነስ አይደለም፤ በየሁለት ቀኑ ትንሽ ማቋረጥ ነው። ፍሉዎክሰቲን የሚባለው ሌላው የድባቴ መድኃኒት ከሰውነት ቀስ ብሎ ስለሚወጣ እንዲህ አያስቸግርም።

ስለ መጥፋቱ፦ 14 ፍሬ ሲቀር ፍለጋ ይጀመር። ሌላ ፋብሪካ ቢሆንም ስትሪፑ ላይ ሰርትራሊን የሚለው ስምና ሚሊግራሙ አንድ ከሆነ ችግር የለውም።

የቆጪዋ

አመሰግናለሁ፣ ኑሩልኝ። ሁለት ነገር ሳልናገር ቀረሁ። ቡና ለጭንቅላቱ አይሆንም ብለን ከትናንት ወዲያ ጨርሶ አስቁመነዋል፤ ድሮ አቦል እስከ በረካ የሚጠጣ ነው። ረቡዕና አርብ ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ይጾማል፤ እናታችንም ጠበል ካልገባ ትላለች። ጫትማ ጓደኞቹ ያቀርቡለታል።

መልስ፦ የአዌቱ ነርስ

የቡናው ነገር ትልቅ ነው! ቡና በአንዴ ሲቋረጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራስ ምታቱ ይጀምራል፣ ሳምንት ድረስም ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የዛሬው ራስ ምታት ግማሹ የጀበናው ሊሆን ይችላል። ጠዋት አንድ ስኒ አቦል መልሱለት፤ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ግን አይሁን፣ እንቅልፉን ይነካዋል። መቀነስ ካለበት በየጥቂት ቀኑ ግማሽ ስኒ እያላችሁ። ጫቱ ይቅር፤ እንቅልፍ ይነሣል፣ ልብ ያስመታል፣ ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ሲለቅም ድብርት ጥሎ ይሄዳል።

ሰርትራሊን ጠዋትም ማታም ይወሰዳል፤ ዋናው በየቀኑ አንድ ሰዓት መጠበቁ ነው። በባዶ ሆድ ያቅለሸልሻልና የንስሐ አባቱን አነጋግራችሁ እስኪሻለው ቢፈታለት መልካም ነው። ካልሆነ ሁሉንም ቀን ወደ ራት ሰዓት አዙሩት፤ ጾም የሆነውን ቀን ብቻ ማዛወር አይሆንም። ጠበሉንም እናትሽ ይዘውት ይሂዱ፣ ክኒኑ ግን በኪሱ ይሁን። እዚያ ሰንብቶ መድኃኒቱን የሚተው ሰው ነው በአራተኛው ቀን የሚዞርበት።

መልስ፦ ፊዚዮ ኸርማታ

ዕረፍቱ እስካሁን በጨለማ ክፍል መተኛት ከሆነ ይብቃው። ሙሉ ዕረፍት ለመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ራሱ ያደክማል። ማዞሩ ጋብ ሲልለት ሜዳ ሜዳውን 10 ደቂቃ ከሰው ጋር ይራመድ። ሲነሣ ከ10 ቁጥር 3 የነበረው ራስ ምታት 5 እስኪደርስ መራመድ ይችላል፤ ካለፈ ቆሞ ይቀመጥ፣ ነገ ጊዜውን ያሳጥር። በየሁለት ቀኑ 5 ደቂቃ ይጨመር። የጅሬንን ዳገት ለአሁኑ ይተወው። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጆሮውን ጥጥ ቢያደርግለት ደኅና ነው፣ ዝናቡ ሲያቆም ግን ያውጣው፤ ቀኑን ሙሉ ከደፈነው ጆሮው ይብስ ድምፅ ይፈራል። ሞተርና ባጃጅ መንዳቱ ማዞሩ ጨርሶ እስኪለቅ ይቆይ፤ ገና ባልዳነ ጭንቅላት ላይ ሁለተኛ ምት ማገገሙን በጣም ያርቃል።