ውድ ስፒከር ገዝቼ የምወዳቸው ዘፈኖች አስጠሉኝ፣ ምን ጉድ ነው?

ጆሮዳባ፦
ሰላም ቤቶች። ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩትን ብር አፍስሼ ያገለገሉ ግን አሉ የሚባሉ ስፒከሮች ገዛሁ። የመጀመሪያው ቀን ማታ ቡና አፍልቼ፣ መብራት ቀንሼ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የምወዳቸውን የካሴት ዘፈኖች ከፈትኩ። ምን ልበላችሁ፣ ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ዘፈኑ ሳይጀምር "ሽሽሽ" የሚል ነገር ቤቱን ሞላው፣ ድራሙ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል፣ ድምፃዊው በርሜል ውስጥ ገብቶ የሚዘፍን ነው የሚመስለው። አንዱ ዘፈን ላይማ ሰውየው ከመግባቱ በፊት የራሱ ድምፅ ቀድሞ በሹክሹክታ ይሰማል! ጂን ያለበት መስሎኝ ደጋግሜ ሰማሁት። እነዚሁ ዘፈኖች ታክሲ ውስጥም፣ ስልኬ ላይም፣ እናቴ ቤት ባለው አሮጌ ቴፕም ማር ናቸው። የሸጠልኝ ሰው "ችግሩ ከስፒከሩ አይደለም" ይላል፤ እሱማ ምን ይበል። ተሸወድኩ እንዴ?

ሚክሰሩ፦
አልተሸወድክም ወንድሜ፣ ሻጩ እውነቱን ነው። ስፒከርህ የሰጠኸውን ነው የሚመልስልህ። የስልክ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ ጭራሽ አያወጣውም፤ የቤዝ ጊታር የታችኛው ክር 41 ኸርዝ ላይ ነው፣ ስልክህ እዚያ አካባቢ አይደርስም። ታክሲ ውስጥ ደግሞ ሞተሩና ረዳቱ ሽሽታውን ይሸፍኑልሃል። አሁን ሸፋኝ የለም።

ጂን ያልከው ነገር ደግሞ የታወቀ ነው። ቴፕ ሲጠቀለል አንዱ ዙር በሌላው ላይ ያርፋል፣ ለዓመታት ተጠቅልሎ ሲቀመጥ የአንዱ ማግኔት ወደ ጎረቤቱ ይጋባል። ስለዚህ ዝም ባለው ቦታ ላይ የሚቀጥለው ዙር ድምፅ በቀጭኑ ቀድሞ ይሰማል። ካሴቱ ላይ ይሁን ማስተሩ (ስቱዲዮ የተቀዳው ዋናው ቴፕ) ላይ በሩቁ አልፈርድም፣ ስፒከሩ ግን የለበትም።

አሁን እስቲ ልጠይቅህ፣ ዘፈኖቹን ከየት አመጣሃቸው? ከዩቲዩብ አውርደህ ከሆነ አንድ ሰው ከካሴት ቅጂ፣ ያም ከሌላ ቅጂ ተገልብጦ፣ ከዚያ ኤምፒስሪ ሆኖ፣ ዩቲዩብ ላይ እንደገና ተጨምቆ ነው የደረሰህ። በየግልበጣው ሽሽታ ይጨመራል፣ ቀጭኑ ድምፅ ይቀነሳል።

በነገራችን ላይ ገበና ለማውጣት ውድ መሆን የግድ አይደለም። ያማሃ ኤንኤስ-10 የምትባለዋ ባለ ነጭ ወረቀት ስፒከር እ.ኤ.አ. በ1978 ለቤት ተብላ ነው የወጣችው። ለጆሮ አትጥምም። ግን የሚክስን (የድምፅ ቅልቅሉን) ጥፋት ስለማትደብቅ የዓለም ስቱዲዮዎች ወሰዷት።

የሸክላ ልጅ፦
ሚክሰሩ ልክ ነው፣ ግን "የድሮ ቅጂ ሁሉ መጥፎ ነው" እንዳትሉብኝ እጣላለሁ! አምሃ እሸቴ አምሃ ሬከርድስ የተባለውን ሸክላ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲጀምር ሸክላዎቹ መጀመሪያ ሕንድ፣ በኋላ ሊባኖስ ነበር የሚታተሙት። ንጹሕ ኮፒ ካገኘህ ሳክስፎን ነፊው አየር ሲስብ ሁሉ ትሰማለህ። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1972 ኒው ዮርክ የቀዳውን አልበም ደግሞ ስትራት የተባለ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2017 ከስቱዲዮው ቴፕ እንደገና አውጥቶታል፣ ሞኖውንም ስቴሪዮውንም። እሱን አንድ ጊዜ፣ አንድ ሰው ከተጫረ ሸክላ የጫነውን አንድ ጊዜ፣ በዚያው ስፒከር ስማቸው። ከዚያ ማንን እንደምትወቅስ ታውቃለህ።

አራተኛ ፎቅ፦
ኧረ ቤቱንም ጠይቁት! ኮንዶሚኒየም ከሆነ ግድግዳው ባዶ ብሎኬት ነው፣ መሬቱ ሴራሚክ። ያ የበርሜል ድምፅ ግማሹ የሳሎንህ ነው የሚሆነው። ስፒከሮቹን ጥግ ላይ ወትፈሃቸው ከሆነ ደግሞ ባሱ ያብጣል። ወደ ፊት ሳባቸው፣ አንተና ሁለቱ ሦስት ማዕዘን ሥሩ፣ ምንጣፍ አንጥፍ። እኔ ከኋላዬ ጋቢ ሰቅዬ ሚስቴ ሳቀችብኝ፣ ለውጡን ስትሰማ ዝም አለች።

ጆሮዳባ፦
ጥግ ላይ ነበሩ 😅 ዘፈኖቹም ከዩቲዩብ ናቸው፣ አላምጣችሁ አጎረሳችሁኝ። ግን ያልገባኝ፣ የዘንድሮ ዘፈኖች ሽሽታ የላቸውም፣ ሁለት ሦስት ስሰማ ግን ጆሮዬ ይደክማል።

ሚክሰሩ፦
እሱ ሌላ በሽታ ነው። ከሁሉም በላይ ይጩህ ተብሎ ይጨመቃል፣ ቀስ ያለውና ከፍ ያለው እኩል ይሆናል። እኔም ደንበኛ "ከእገሌ ዘፈን ይበልጥ ይጩህ" እያለኝ ሠርቻለሁ፣ አልዋሽም። የሚያናድደው ስፖቲፋይ የሁሉንም ድምፅ ተቀራራቢ ስለሚያደርግ ጩኸቱን መልሶ ይቀንሰዋል፣ የተጨፈለቀው ግን እንደተጨፈለቀ ይቀራል። ለማንኛውም እናትህ ቤት ኦሪጅናል ካሴት ካለ አምጣው። ከቴፑ ሄድ (ክሩን ከሚያነበው ክፍል) ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን በቀጭን ካቻቢቴ በጣም በቀስታ አዙራት፣ ቀጭኑ ድምፅ ብቅ የሚልበት ቦታ ላይ ተዋት።

ጆሮዳባ፦
ከሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ስፒከሮቹን ከግድግዳው ወደ 60 ሳንቲ ሜትር አራቅኳቸው፣ በርሜሉ ጠፋ። ካሴቱን እናቴ ቤት ቁም ሳጥን ሥር አገኘሁት፣ ክሩ ወጥቶ ስለነበር በቢክ እስክሪብቶ አጠነጠንኩት። ብሎኗን ሳዞር መጀመሪያ ድፍን አለ፣ ትንሽ መለስ ሳደርጋት ክራሩ ላይ ጥፍር ክር ሲነካ ተሰማ፤ ጥፍር! ሽሽታው አለ፣ አሁን ግን ከዘፈኑ ኋላ ነው የተቀመጠው። ሹክሹክታውም አለ፣ ለምጄዋለሁ። ደግሞ የመጨረሻው ዘፈን ሊያልቅ ሲል ስቱዲዮ ውስጥ የሆነ ሰው በደንብ አድርጎ ይስላል። ሃያ ዓመት ሰምቼው አላውቅም። ነገ ቆርጬ እለጥፈዋለሁ፣ ማን እንደሳለ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።