ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ግቢያችን ውስጥ ያለው ምሽግ ቅርስ ይሆናል ወይስ ይሞላ?

የከዚራዋ፦
ሰላም ድሬዎች። የአያቴ ቤት ጓሮ፣ ከኒሙ ዛፍ አጠገብ፣ ከመሬት በታች የተሠራ ክፍል አለ። አያቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። የክፍሉ ጣሪያ ሐዲድ ተደርድሮ ኮንክሪት የተሞላበት ነው። ደረጃውን ወርደህ ስትጨርስ በቀጥታ አያስገባህም፤ ወደ ግራ ይታጠፋል። ግራና ቀኝ የግንብ መደብ አለ። አንድ የብረት ቱቦ ወደ ላይ ወጥቷል፣ ለአየር ነው መሰለኝ። ከመደቡ በላይ ግድግዳው በኩራዝ ጥላሸት ጠቁሯል። እናቴ ሽንኩርት ታስቀምጥበት ነበር፤ በድሬ ሙቀት ፍሪጅ በሉት።

አሁን ወንድሞቼ ይሞላና ሰርቪስ ቤት ይሠራበት እያሉ ነው። አክስቴ «አባቴ በ69 ለሶማሊያ ጦርነት ያሠራው ነው፣ አይነካም» ትላለች። አጎቴ «የጣልያን ጊዜ ነው» ብሎ ድርቅ ብሏል። የማን ዘመን እንደሆነ በምን ይታወቃል? ደግሞስ ቅርስ ነው ብለን ብናስመዘግብ ግቢያችን ይወሰድብናል?

ቀፊራ ቦይ፦
አቦ የጫት ቤት አድርጊውና ገላግዪን! ቅዝቃዜው ብቻ ደንበኛ ያመጣል።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ ነሐሴ 1969 የሶማሊያ ጦር ታንክና መድፍ ይዞ ድሬዳዋ ዳር ሲደርስ እዚሁ ነበርኩ። ሰዉ በየግቢው ጉድጓድ ቆፍሯል። ግን ቆርቆሮ ጣል፣ አፈር በላዩ፣ አለቀ። ሐዲድ ደርድሮ ኮንክሪት ለማፍሰስ ማን ፋታ ነበረው? ከዚያ በፊትም ከሰማይ የመጣ ፍርሃት ነበር። መጋቢት 1928 ጣልያን ሐረርን በቦምብ ደበደበ። መጋቢት 1933 ደግሞ የደቡብ አፍሪካ አውሮፕላኖች ጣልያን የያዘውን የድሬዳዋ አየር ማረፊያ መቱ። አንዱ አብራሪ ተመትቶ ወረደ። ጓደኛው እዚያው አርፎ፣ ጭኑ ላይ አስቀምጦት በረረ፤ ያቺ አውሮፕላን የአንድ ሰው ነበረች! እና አጎትሽ ልክ ሊሆን ይችላል። አክስትሽም አልዋሸችም ይሆናል፤ አያትሽ የድሮውን አድሶት እንደሆነስ?

ሲቪል መሐንዲስ፦
ሐዲዱን ጎኑን በሽቦ ብሩሽ ጥረጊው። ብዙ ጊዜ የፋብሪካው ስምና የተሠራበት ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ጎላ ብሎ ይነበባል። ከዚያ ዓመት በፊት አልተሠራም ማለት ነው። መቼ ተሠራ ለሚለው ግን አይበቃም፣ አሮጌ ሐዲድ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ተዘግቶ የከረመ ጉድጓድ ከሆነ ዘው ብለሽ እንዳትገቢ። አየር ላይኖረው ይችላል። ከፍተሽ አቆዪው፣ ላይ የሚጠብቅ ሰው ይኑር።

የቅርስ ነገር፦
እህቴ፣ ስለተመዘገበ ብቻ ይወሰዳል ማለት አይደለም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ እጅ ሊሆን እንደሚችል ይፈቅዳል። ግን ግዴታ አለው። የመንከባከቡ ወጪ ያንቺ ነው፤ ከአቅም በላይ ከሆነ መንግሥት በከፊል ሊያግዝ ይችላል ይላል። አንዴ ከተመዘገበ ደግሞ ሳታስፈቅጂ አትጠግኚም። ወንድሞችሽ ይህን ቀድመው ይስሙ፣ ኋላ ጭቅጭቅ እንዳይመጣ። በእኔ አስተያየት ግን ከማመልከቻው በፊት አክስትሽን ቅረጪ። ግንቡ የትም አይሄድም። ባርሴሎና ውስጥ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ሰፈርተኛው ራሱ የቆፈረው «መጠለያ 307» የሚባል አለ፣ 400 ሜትር ያህል ዋሻ ነው። ዛሬ የከተማው ታሪክ ሙዚየም ያስጎበኘዋል። የእናንተ አንድ ክፍል መሆኑ አያሳንሰውም።

የከዚራዋ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሐዲዱን ጠረግነው፤ «19» ይላል፣ የቀረውን ዝገት በልቶታል! አጎቴ በዚህም አሸነፍኩ ብሏል። አክስቴን ቀዳኋት። ውስጥ ሲቀመጡ አያቴ ሁሌ በሩ አጠገብ ነበር የሚቀመጠው፣ ሲጋራውን ግን እንዳያጨስ ይከለከል ነበር አለች። ቱቦውን ያስገባው እሱ ነው፣ መደቡ ግን ቀድሞም ነበር ብላ ራሷ አመነች። ትንሹ ወንድሜ ሰርቪሱ ወደ አጥሩ ቢጠጋ ይስማማል። መሐንዲሱ፣ ከግድግዳው ስንት ሜትር ርቀን ነው መሠረት የምንቆፍረው?