እባካችሁ ቶሎ! ምጣዱ ላይ እየጋገርኩ ግማሽ ቤቱ ጨለመ

አዲስ ገቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለነው። እንጀራ እየጋገርኩ ድንገት ቷ አለና ኩሽናውም ሳሎኑም ድርግም አለ። ፍሪጁም ጠፍቷል። መኝታ ቤት ግን መብራት አለ። ባለቤቴ የሌሊት ሥራ ላይ ነው፣ ስልክ አያነሳም። አከራያችንም አያነሱም። ልጆቹ ፈርተውብኛል፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ ሊገነፍል ነው፣ ነገ ደግሞ እንግዳ አለብን። ምን ላድርግ? የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

የጉለሌ ልጅ፦
ብሬከሩን ኦፍ አድርገሽ መልሰሽ ኦን በይው። አለቀ።

አዲስ ገቢ፦
ብሬከር የቱ ነው? ቆጣሪው ውጭ ግድግዳ ላይ ነው፣ ምንም የሚነካ ነገር የለውም።

ሰላማዊት፦
እኔ ግን አንድ ነገር አይገባኝም። እዚያ አካባቢ የሐበሻ መደብር ሞልቶ፣ እንጀራ ትኩስ ትኩሱ እየመጣ፣ ቤት ውስጥ ምጣድ ምን ያደርጋል? ቤቱም ይሸታል፣ የመብራቱም ሂሳብ ይቆለላል።

አዲስ ገቢ፦
እህቴ፣ ቤተሰባችን ብዙ ነው። በየቀኑ ገዝተን አንችለውም። ልጆቼ ደግሞ የገዛሁትን ጎምዛዛ ነው ብለው ይተዉታል። አሁን እሱን ተዪውና መብራቱን እርዱኝ።

የድሮ ሰው፦
ልጄ፣ አትደንግጪ። እኔ እዚህ አገር ብዙ ቆይቻለሁ፣ አዲስ ለሚመጣ ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው። ቤት ስትከራዩ ቁልፍ ብቻ ተቀብላችሁ አትግቡ። ብሬከሩ የት ነው? ውሃው ከየት ይዘጋል? የጭስ ማንቂያው ይሠራል? ይህን አከራዩን ይዛችሁ፣ እየዞራችሁ፣ በእጃችሁ እየነካችሁ እዩ። የእኛ ሰው ይሉኝታ ያጠቃዋል፣ አይጠይቅም። ከዚያ ሌሊት ላይ ነገር ሲበላሽ ልጆች ይዞ በጨለማ ይቀመጣል። ውሉንም በደንብ አንብቡት፣ ለአጣዳፊ ብልሽት የሚደወልበት ሌላ ቁጥር ሊኖረው ይችላል።

ኤሌክትሪሻኑ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ እነዚህን ንገሪኝ። የሚሸት ወይም የሚጨስ ነገር አለ? ምጣዱ ከአገር ቤት የመጣ ነው ወይስ እዚህ የተገዛ? ሌላ ምን ተሰክቶ ነበር? የሚቃጠል ነገር ከሸተተሽ ይህን ማንበብ ትተሽ ልጆቹን ይዘሽ ውጪና 911 ደውዪ። እንግሊዝኛው ካስቸገረሽ አምሃሪክ በያቸው፣ በስልክ አስተርጓሚ ይፈልጉልሻል።

አዲስ ገቢ፦
ሽታ የለም፣ ተመስገን። ምጣዱ እዚሁ የተገዛ ነው። ቤዝመንት ስለሆንን ይበርዳል፣ ሂተሩ ሳሎን በርቶ ነበር። ለሕፃኑም ወተት ማይክሮዌቭ ውስጥ አስገብቼ ነበር።

ኤሌክትሪሻኑ፦
በቃ፣ ምክንያቱ እሱ ነው። የተበላሸ ነገር ላይኖር ይችላል። እዚህ አገር የቤቱ ሶኬት 120 ቮልት ነው። አንድ የ15 አምፒር መስመር ቢበዛ 1800 ዋት ይችላል። ሂተርሽ ብቻውን ወደ 1500 ዋት ይወስዳል፣ ምጣዱም ከዚያ አያንስም፣ ማይክሮዌቭ ሲጨመር በጣም በዛ። ብሬከሩ የወደቀው ሽቦው ግሎ እሳት እንዳይነሳ ነው።
አሁን ሦስቱንም ንቀዪ። ቤዝመንት ከሆናችሁ ማሞቂያውና የሙቅ ውሃው በርሜል ያለበትን ክፍል እዪ። ግድግዳው ላይ ትንሽ የብረት በር አለ፣ ውስጡ በረድፍ የተደረደሩ ጥቁር ማብሪያዎች ናቸው። ከሌሎቹ ጋር ያልተሰለፈ፣ መሃል ላይ የቆመ አንድ ታገኛለሽ። እጅሽ ደረቅ ይሁን። መጀመሪያ ቀጭ እስኪል ሙሉ በሙሉ ወደ ኦፍ ግፊው፣ ከዚያ ወደ ኦን። ከመሃል በቀጥታ ወደ ኦን ብትገፊው አይዝም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ጋ ነው። ምንም ሳይሰካ ድጋሚ ከወደቀ ግን አትታገዪው፣ ባለሙያ ይየው።

የጉለሌ ልጅ፦
ያልኩት ይህን አይደል? ኦፍ፣ ኦን።

እትዬ ሻሽ፦
የኔ እናት፣ ለዛሬ ከመኝታ ቤት በዲቫይደር ስበሽ ጋግሪው፣ ሊጡ ከሚበላሽብሽ።

ኤሌክትሪሻኑ፦
እትዬ፣ እንዳያደርጉት! ምጣድና ሂተር በዲቫይደር አይሰካም። ቀጭኑ ገመድ ምንጣፍ ስር ሆኖ ሲግል ማንም አያየውም። ልጆች የተኙበት ቤት ነው።

እትዬ ሻሽ፦
እሺ ልጄ፣ አላወቅሁም። እንግዲያው ሊጡን ከድነሽ ደጅ አውጪው። በዚህ ብርድ እንኳን ሊጥ ሰውም ኩፍ አይልም! እስከ ጠዋት ይቆይልሻል። ፍሪጁንም አትክፈቺ፣ እንደተዘጋ ከቆየ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። የልጁ ወተት አይበላሽም።

አዲስ ገቢ፦
ሊጡን አወጣሁት፣ እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። ሁሉንም ነቅያለሁ። ክፍሉንም አገኘሁት፣ ግን ተቆልፏል። አከራያችን የራሳቸውን ዕቃ ስለሚያስቀምጡበት ቁልፉ እሳቸው ጋ ነው። ላይ ነው የሚኖሩት፣ ግን መሽቷል፣ ትልቅ ሰው ናቸው። ሄዶ ማንኳኳት ነውር አይሆንም?

ሰላማዊት፦
ምን ነውር አለው! ሕፃን ይዘሽ በብርድና በጨለማ? አሁኑኑ አንኳኪ። ቅድም የተናገርኩትን እርሺው፣ ሂተር በሌለበት መቀመጣችሁን አላሰብኩም።

የድሮ ሰው፦
አንኳኪ ልጄ። "ጋሼ ይቅርታ፣ መብራት ጠፍቶብን ነው" በያቸው፣ ይበቃል። ነገ ደግሞ ባለቤትሽ በእርጋታ የዚያን ክፍል ቁልፍ ቅጂ ይጠይቅ። የተከራይ ብሬከር ተቆልፎበት ማደር የለበትም።

ኤሌክትሪሻኑ፦
ልክ ናቸው። የኤሌክትሪክ ደንቡም በመርህ ደረጃ የቤቱ ነዋሪ ብሬከሩ ጋ መድረስ መቻል አለበት ይላል። መብራቱ ሲመለስ ምጣዱን ብቻውን ስኪው። ስትጋግሪ ሂተሩ ይጥፋ፣ ምጣዱ ራሱ ቤቱን ያሞቀዋል።

አዲስ ገቢ፦
እሺ፣ ልሂድ ላንኳኳ።

የጉለሌ ልጅ፦
ምን ደረሰ? መጣ?

ሰላማዊት፦
እህቴ፣ እባክሽ አንዴ ብቅ በዪ፣ አሳሰብሽን።

የቦሌዋ፦
እግረ መንገዴን ልጠይቅ። እናቴ በሚቀጥለው ወር ከአዲስ አበባ ስትመጣ የሸክላ ምጣዷን ይዛ ልትመጣ ነው። አስማሚ ሶኬት ገዝቼ ብሰካው ይሠራል?

ኤሌክትሪሻኑ፦
አይሠራም። የአገር ቤቱ ምጣድ ለ220 ቮልት የተሠራ ነው። አስማሚው የሶኬቱን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይቀይርም። በ120 ሲሰካ ከጉልበቱ ሲሶው እንኳ አይመጣም፣ ሊጡ ዓይን ሳያወጣ ይደርቃል። ቮልቱ ከሌላው ሶኬት ከፍ ስለሚል የልብስ ማድረቂያው ሶኬት ላይ የሚሰኩም አይቻለሁ፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሳያየው አትሞክሩት። ሸክላው መንገድ ላይ ሊሰበርም ይችላል። እናትሽ በምትኩ በርበሬና ሽሮ ይዘው ይምጡ።