ከቱሉ ዲምቱ ሆኜ አስቤዛ እንዴት ልሸምት? (በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወቅት የቀረበ ጥያቄ)

በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከአረጋዊት እናቴ ጋር የምኖር ስሆን፣ መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀና ታክሲዎች በእጥፍ ታሪፍ ግማሽ ሰው ብቻ እንዲጭኑ ከተደረገ ወዲህ፣ ሳሪስ ገበያ ደርሶ መመለስ ግማሽ ቀንና ቀድሞ ለሽንኩርት እመድበው የነበረውን ገንዘብ ይፈጅብኛል። የሰፈራችን ሱቅ ዘይት ሲኖረው ዱቄት የለውም። ከሁሉ የከበደኝ ግን እናቴ ስኳር ታማሚ መሆኗ ነው፤ እርሷን ላለማጋለጥ ሰልፉን የምቆመው እኔ ብሆንም፣ ማታ የምናድረው በዚያችው በአንዲት ክፍል ነው (ስቱዲዮ ማለት ይኸው ነው)። ስለዚህ ከከተማ ዳር የምትኖሩ ወገኖቼ፣ በስንት ቀን አንዴ እንደምትሸምቱ፣ ከጎረቤት ጋር ተራ ገብታችሁ የምትገዙ ከሆነም ሒሳቡን ያለ ቅያሜ እንዴት እንደምትተሳሰቡ፣ በተለይም መብራት ሲጠፋ ኢንሱሊኑን በምን እንደምታቆዩ ብትነግሩኝ ባለውለታዬ ትሆናላችሁ።