ከአዳማ ወደ አፋር በረሃ ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድ፦ የመኪና፣ የጎማ፣ የውሃና የማረፊያ ጥቆማ

ለገና እረፍት ልጆች ይዘን አፋር ብንሄድ መኪና ከየት እንከራይ፣ ምን እንያዝ የምትሉ በዝታችኋል፣ ሁላችሁንም አንድ ላይ ልመልስ። ሂዱ! ልጆቻችን ስምጥ ሸለቆን በመጽሐፍ ነው የሚያውቁት፣ እኛ አዳማዎች ደግሞ እዚያው ውስጥ ነው የምንኖረው። ወቅቱም አሁን ነው፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት ካልሆነ በቀር ልጅ ይዞ እዚያ ሙቀት ውስጥ መግባት አይታሰብም። ብቻ ብዙ ሰው ብሩን በሙሉ ላንድክሩዘር ላይ ይጨርስና ጎማና ውሃ ላይ ይቆጥባል፣ በዚህ እኔ በፍፁም አልስማማም።

እስከ ሰመራ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አስፋልት ነው፣ የጅቡቲ መስመር ማለት ነው። ለዚህ ላንድክሩዘር ምን ያደርጋል? አባዱላ ወይ ሃይሩፍ ከነሹፌሩ ብትይዙ ቤተሰቡ ተመችቶት ይቀመጣል፣ ዕቃም ይይዛል፣ ኪራዩም ይቀንሳል። ላንድክሩዘር የሚያስፈልገው ከአስፋልት ስትወጡ ነው፣ እሱን ደግሞ ሰመራ ወይ ሎጊያ ላይ ከነአፋር ሹፌሩ ያዙት። አሸዋውንም፣ የጨው ሜዳውንም፣ የአካባቢውን ሽማግሌዎችም የሚያውቀው እሱ ነው፣ ከዚህ የሄደ ሹፌር የፈለገ ጎበዝ ቢሆን አስፋልቱ ሲያልቅ እንግዳ ነው።

በደላላ ወይስ በድርጅት ለምትሉት፣ በደላላ ይረክሳል ግን መኪናው መሃል በረሃ ቢቆም ማን ይቀይርላችኋል? በየትኛውም ያዙ ይሄ ነገር ውሉ ላይ ይጻፍ። ሊብሬ፣ ቦሎ፣ ኢንሹራንስ በዓይናችሁ እዩ፣ ኬላ ላይ ይጠየቃል፣ እናንተም መታወቂያ እንዳትረሱ። ሹፌሩን ደግሞ በአካል አግኝታችሁ አናግሩት፣ ከአዋሽ ወደ ሰመራ የሚወስደውን የገዋኔ ሚሌን መስመር ነድቶት ያውቃል ወይ በሉት፣ ጫት ይዤ ሌሊቱን እነዳለሁ የሚላችሁ ከሆነ በነፃ ቢሰጣችሁም ይቅርባችሁ። ማታ መንገዱ የተሳቢ ነው፣ ግመሉም ሳታስቡት ነው ከጨለማ ወጥቶ ፊታችሁ የሚቆመው። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ደግሞ አዋሽ ደርሶ ለመመለስ ይሁን፣ ከዚያ ወዲያ ቻርጅ አገኛለሁ ብላችሁ አትተማመኑ።

አሁን ጎማ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልርዘም። ከአዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ተነስታችሁ ሰመራ ከ500 ሜትር በታች ነው የምትወርዱት፣ አየሩም አስፋልቱም ይግላል፣ ጎማ የሚፈነዳው በዚህ ነው። ጎማው ጎን ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለ፣ 2319 ካለ በ2019 እንደ ፈረንጅ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ያረጀ ጎማ ለዚህ መንገድ አይሆንም፣ ሳልቫጅ ጎማ ለከተማ ይሁን ብዬ ላልፈው እችላለሁ፣ ለአፋር ግን አልመክርም። አዳማ ደግሞ በዚህ ታድላለች፣ የጅቡቲ መኪኖች ማለፊያ ስለሆነች ተሳቢ የሚሠሩት ጎሚስታዎችና ጋራዦች የዚያን መንገድ ፀባይ ጠንቅቀው ያውቁታል። መሃል ከተማ ካለው የሚያብረቀርቅ ጋራዥ ይልቅ የከባድ መኪና ሹፌሮች ተሰልፈው የምታዩበት ጋ ሂዱ። ንፋሱ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ይሞላ፣ መንገድ ላይ ሲግል ጨመረ ብላችሁ አታስተንፍሱት። ስኮርቱንና ክሪኩን አስወርዳችሁ እዩ። ራዲያተሩ ውስጥ ውሃ ብቻ ከሆነ ኩላንት ይደረግበት፣ ቶሎ አይፈላም፣ ቢፈላም ሳይበርድ ክዳኑን አትክፈቱ።

ውሃ ለአንድ ሰው በቀን ለመጠጥ ብቻ 5 ሊትር አስቡ፣ ለመኪናው በሌላ ጀሪካን። ሃይላንድ በእሽግ ከዚሁ ግዙ፣ ግማሹን ማታ ፍሪዘር ውስጥ ከታችሁ አይስ ቦክሱን በሱ ሙሉት፣ በረዶ ከመግዛት በጣም ይሻላል፣ ሲቀልጥ ይጠጣላ። ምግብ ላይ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ የመሰለ የለም፣ ቺፕስና ብስኩት ልጆቹን ያስጠማቸዋል። ኦአርኤስ፣ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣውን ዱቄት፣ ከፋርማሲ ያዙ፣ ዋጋው ምንም አይደል።

ሲም ሁለቱንም፣ የቴሌንም የሳፋሪኮምንም ያዙ፣ ካርታውን ደግሞ ቤት ዋይፋይ ላይ አውርዱት። ነዳጅ ግማሽ ሲደርስ ሙሉ፣ ቀጣዩ ማደያ ላይ ይኖራል ብሎ ማለፍ የለም።

ማደሪያ ላይ በአንድ ቀን ሰመራ እንግባ አትበሉ። አዋሽ ሰባት እደሩ፣ ከተሳቢ መቆሚያው ራቅ ያለ ሆቴል ፈልጉ፣ ኤሲ አለ ከተባላችሁ ክፍሉ ገብታችሁ አስከፍቱትና እጃችሁን ዘርግታችሁ እዩ። በነጋታው የገዋኔን መንገድ ሰላም ከአዋሽ ፖሊስና ከጅቡቲ የሚመለሱ ሹፌሮች ጠይቁ፣ እነሱ የዕለቱን ነው የሚነግሯችሁ። በ2017 ታህሳስና ጥር እዚያው አዋሽ አጠገብ ፈንታሌ ተራራ አካባቢ መሬት ስትንቀጠቀጥ የነበረውንም አስታውሱ። ሚሌ ስትደርሱ ለልጆቹ ንገሯቸው፣ ሉሲ በኅዳር 1967 የተገኘችበት ሐዳር ከዚያ ሩቅ አይደለም፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ስትሏቸው የሚያዩት መሬት ሁሉ ሌላ ይሆንባቸዋል።

ኤርታሌና ዳሎል ለምትሉ፣ በራስ መኪና ያለ አስጎብኚ አይሞከርም። ሰመራ ባህልና ቱሪዝም ፈቃድ ይወጣል፣ የአካባቢ መሪና ጠባቂም ይያዛል። እዚህ ላይ የአስጎብኚ ድርጅት ጥቅል ውድ ቢሆንም ያዋጣል፣ ፈቃዱን፣ ምግቡን፣ ውሃውን፣ ሁለተኛ መኪናውን ሁሉ ይሸፍናል፣ አንድ መኪና ብቻውን የሚልክ ድርጅት ከሆነ ግን ተዉት። ኅዳር 2018 የኤርታሌ ጎረቤት የሆነው ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ አፍዴራን ሸፍኖ እስከ ህንድ ድረስ ሄዷል፣ ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ያለበትን ሁኔታ አጣሩ። ዳሎል ከባህር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው፣ የዓመት አማካይ ሙቀቱም ከ34 ዲግሪ በላይ ተመዝግቧል፣ እኔ ከ10 ዓመት በታች ልጅ አልወስድም።

የሁለት ዓመት ልጅ አለችኝ ያልሽው እህቴ፣ ለሷ አዋሽ ፓርክ ይበቃታል፣ ከአዳማ በጠዋት ከወጣችሁ ማታ ቤታችሁ ናችሁ። ሳላውን፣ ያን ረጅም ቀንድ ያለውን የዱር እንስሳ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ታዩታላችሁ፣ ከዚያ ፏፏቴው። ስትመለሱ መተሐራ ሀባብ ግዙላት። ወንዙ ዳር ግን እጇን እንዳትለቂያት፣ አዞ አለ።