መልሕቃችን ይዟል ወይስ እየተጎተትን ነው?

ጀማሪዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አቴና ነው። ከባለቤቴ ጋር 11 ሜትር የምትረዝም ባለሸራ ጀልባ ተከራይተን፣ ፓሮስ ደሴት ናውሳ ወሽመጥ ውስጥ መልሕቅ ጥለናል። ሜልተሚ የሚሉት የነሐሴ ሰሜን ነፋስ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ 28 ኖት (በሰዓት 52 ኪሎ ሜትር ገደማ) ይነፍሳል። ከማንበብና ከመተኛት ሌላ ሥራ የለንም፤ እኔን ግን እንቅልፍ አልወስደኝ አለ። ጀልባዋ ግራ ቀኝ ትላለች፣ ሰንሰለቱም ጓ ባለ ቁጥር እደነግጣለሁ። ጥልቀቱ 5 ሜትር፣ የለቀቅነው ሰንሰለት 20 ሜትር ነው። መልሕቁ መያዙን በምን ልወቅ?

ጣና ዳር፦ እህቴ፣ 20 ሜትር ለምሳ ሰዓት እንጂ ለዚህ ነፋስ አይሆንም። ልኩ የሚጀምረው ከውኃው ወለል ሳይሆን፣ 1 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ሰንሰለቱ ከጀልባዋ ከሚወጣበት ስለሆነ 5 ላይ 1 ጨምሪና በ7 አባዢ፤ 42 ሜትር። ሰንሰለቱ ሲረዝም መልሕቁን በአግድም ስቦ አሸዋው ውስጥ ይቀብረዋል፤ ሲያጥር ወደ ላይ ይነቅለዋል። ነፋሱ ከ20 ወደ 30 ኖት ቢወጣ ደግሞ ግፊቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ከኋላችሁ ሰፊ ቦታ ካለ፣ ሞተሩን አስነሥታችሁ ቀስ እያላችሁ ልቀቁ።

ቀይ ባሕር፦ ለጓጓታው መድኃኒቱ ናይለን ገመድ ነው። 8 ሜትር ያህል ወስዳችሁ አንዱን ጫፍ ከሰንሰለቱ፣ ሌላውን ከጀልባዋ ፊት እሰሩ፤ ከዚያ ሰንሰለቱን ትንሽ አላሉት። ናይለን ስለሚለጠጥ ንጠቱን ይውጠዋል፣ ሰንሰለት ማንሻው ማሽንም ከሸክም ያርፋል። ገመዱ ጠርዝ የሚነካበትን በጨርቅ ጠቅልሉት፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲፋተግ አድሮ ይበጠሳል።

እማማ ሸራ፦ መወዛወዝ መጎተት አይደለም፣ ልጄ። ወደ ጎን ተመልክተሽ አንዱ ከሌላው ኋላ የተሰለፉ ሁለት ነገሮች ምረጪ። ጀልባዋ ስትዞር ይለያያሉ፣ ስትመለስ ይገጥማሉ፤ ካልገጠሙ እየተጎተታችሁ ነው። ሰንሰለቱንም በመዳፍሽ ዳብሺው፤ መልሕቅ መሬቱን ሲፍቅ ንዝረቱ ይሰማል። ለሌሊት የስልክሽን የመልሕቅ ማንቂያ ክፈቺ፤ ጀልባዋ ከቦታዋ ከራቀች ይጮኻል።

መንገደኛ፦ በጎማ ጀልባው ወርዳችሁ ከተማ ብትውሉስ?

ቀይ ባሕር፦ ወንድሜ፣ በዚህ ነፋስ? ቀላል ጎማ ጀልባ ይገለበጣል። መልሕቁ ቢለቅስ ማን ሊደርስላት ነው?

ጀማሪዋ፦ 42 ሜትር አደረስነው፣ ገመዱንም አሰርን፤ ጓጓታው ጠፋ። ነጩ ቤተ ክርስቲያንና ከኋላው ያለው ግንብ ይለያያሉ፣ ይገጥማሉ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስቆጥር ባለቤቴ ያንኮራፋ ነበር። ጀበናችን ግን ምድጃው ላይ አልቆም ብሎ ቡናውን በድስት አፈላነው።

እማማ ሸራ፦ በድስት! እሱን እንኳን ለማንም አትንገሪ።